ምላጭና እንጥሻ

ተራራው ይጨሳል እሳት ሳይለኮስ፣
የካቲት ሲጋመስ፣ ነፋሱ ሲነፍስ፤
ጥዱ ቅርንጫፉን አንዴ ሲነቀንቅ
ቢጫ ደመና ነው ካናቱ ሚለቀቅ።
ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣
ከባቡር ጣቢያው ላይ፣ ከጣሪያው ያድራል።
የተሰጣ አንሶላ፣ የቆመ መኪና
ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ይመስላልና፣
መንደሩ በሙሉ አፉን ሸፈነና፣
ዓይኑን ብቻ ትቶ፣ ዓይኑም እያለቀሰ፣
ማን ሞተ ሳይባል እንባ እያፈሰሰ
ይሄዳል ወደ ሥራ።

ከቶኪዮ ምዕራብ፣ ባቡር ሚያልቅበት፣
የቺዙሩ ፀጉር ቤት ከጣቢያው ፊት ለፊት፤
ሁለት ወንበር አላት፣ አንድ ያረጀ መስታወት።
ያባቷ ነው ቤቱ፣ ያባቷ ነው ምላጭ፤
አፍንጫዋ ግን የራሷ፣ የማይነጥፍ ምንጭ።

ያልሞከረችው የለም።
ኪኒኑን ስትውጠው እንቅልፍ መጣና፣
መቀስ እንደያዘች ሸለብ አረጋትና
የመምህሩ ጆሮ ለጥቂት ተረፈ።
የዓይን ጠብታው ፈውስ ሰዓት ሳይሞላው ከነፈ።
በጨው ውሃ ታጠበች፣ ባፍንጫዋ አስገብታ
ባፏ እያወጣች፣ ጠዋትና ማታ።
ጎረቤቷ ኦቶሜ እርጎ አመጣችላት፣
«አርባ ቀን ጠጪና ታያለሽ» አለቻት።
አርባ ቀን ጠጣችው።
ያተረፈችው ግን፣ ሦስት ኪሎ ክብደት።
መድኃኒት አለ ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘላት፣
ከምላስ ሥር ሚኖር፣ ለድፍን ሦስት ዓመት፤
እሱን ጀምራለች። ግን ጥዱ አያውቅም፣
የሦስት ዓመት ቀጠሮ አይጠብቅላትም።

ቅዳሜ ማለዳ ገንፓቺ መጣና
ጋደም አለ ወንበሩ ላይ፣ አንገቱን አቀና፤
ሰማንያ ስምንት ዓመት፣ ጉሮሮ እንደ ገመድ፣
ነጭ አረፋ ለብሶ፣ የምላጩ መንገድ።
እኔ ተራ ጠባቂ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ
አያለሁ በመስታወት፣ ጋዜጣ ገልጬ።

ምላጩ ማንቁርቱ ጋ ሲደርስ
መጣባት።
ዓይኗ ጠበበ፤ ጭምብሏ ተነፋ፤
እጇ ባየር ቀረ፤ ትንፋሿ ጠፋ፤
ሽማግሌው ገባው፤ አልሸሸም ከስለት፣
ዓይኑን ከድኖ ቀረ፣ እንደሚጠብቅ ሰው የዘገየ ቅጣት።
ምላጩን ወርውራ ወደ ማጠቢያው ገንዳ፣
እጥሽ! እጥሽ! እጥሽ!
ቤቱ ተናወጠ ከደጅ እስከ ጓዳ።

በቋንቋዬ ቢሆን «ይማርሽ» ይባላል፤
እዚህ ሰው ሲያስነጥስ ሁሉም ዝም ይላል።
ባፌ የመጣውን መልሼ ዋጥኩና
ጋዜጣ አነበብኩ።
ሽማግሌው ግን ዓይኑን ገለጠና
«እኔ ነኝ» አላት፤ «ያንን ሁሉ የተከልኩ።

«ከጦርነቱ ኋላ ተራራው መላጣ ነበር፣
ቤቱ ተቃጥሎብን፣ እንጨት የምንበደር፤
አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ችግኝ በጀርባዬ፣
ሦስት መቶ በቀን፣ ሩዝ ነበር ክፍያዬ።
ለልጅ ልጅ ቤት ይሆናል ተብሎ ነበረ፤
ርካሽ እንጨት በመርከብ ከሩቅ ተሻገረ።
የኔ ጥድ ቆራጭ አጥቶ፣ እዚያው ጎለመሰ፣
ካንቺ ጋር አደገ፤ ባንቺ ላይ አስነጠሰ።»

ቺዙሩ አልመለሰች። በሞቀ ፎጣ
ዓይኗን አሻሸችው፤ ሌላ ምላጭ ወጣ።

ያን ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ጣ! አለ አንድ ጠብታ፣
ከዚያ መቶ ሆኖ፣ ከዚያ ያለ ፋታ፤
ቢጫው ከሰማይ ላይ ታጠበ፣ ተመታ፣
በቦዩ ወረደ እንደ ቀለጠ ሰም፤
አንድ ሙሉ ተራራ ዝም አለ፤ ዝም።

በሩን ከፈተችው፤ ጭምብሏን አወለቀች፤
ባፍንጫዋ፣ አዎ ባፍንጫዋ፣ አየሩን ሳበች፤
የራሰ ድንጋይ ሽታ፣ የሐዲዱ ብረት፣
ካንዱ ማጀት ደግሞ የሚጠበስ ሽንኩርት፤
ከጥር ጀምሮ የጠፋባት ዓለም
ባንድ ትንፋሽ ገባ፣ ሳይቀር አንዳች ቀለም።
ከሁሉ በላይ ግን ርጥብ ጥድ ሸተታት፤
ሳትፈልግ ደስ አላት።

ተመልሳ ገባች። «እስከ ነገ ይዘንባል» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረች።
ያንገቱን ሽብሽብ በጣቷ ዘርግታ
ላጨችው፣ ላጨችው፣ ጥግ ሳትተው፣ በርጋታ፤
ሂሳብም አልቀበል አለችው ያን ለታ።

እኔም ጥጌ ሆኜ፣ ለሷ ያልወጣኝን
ለሽማግሌው አልኩት፣ በልቤ፣ ቃላችንን፦
ይማርህ።